ደመወዟን በምግብ የምትቀበለው የጣቢያ ሹም
በጃፓን መጓጓዣ የሚታዩ አስገራሚ ትዕይንቶችና ከጀርባቸው ያለው ሒሳብ

በጃፓን ዋካያማ ግዛት ውስጥ ኪሺ የምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ አለች። ከዋካያማ ከተማ የሚነሳው ባቡር ጉዞውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። በጥር ወር 2007 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መስመሩን የሚያስተዳድረው የዋካያማ ኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያ ለጣቢያዋ አዲስ ሹም ሾመ። ተሿሚዋ ታማ ትባላለች። በልኳ የተሰፋ የሹም ቆብ ተደፍቶላት፣ ማዕረጓን የሚገልጽ ምልክት በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሚወርደውንና የሚሳፈረውን መንገደኛ መቀበል ጀመረች። ደመወዟ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል አልነበረም፤ የድመት ምግብ ነበር። ታማ ከጣቢያው አጎራባች በሚገኝ ሱቅ የምትኖር ባለ ሦስት ቀለም ድመት ነበረችና።

ድመት ብትመነኩስ አመሏን አትረሳም እንዲሉ፣ ሹሟ ከሥራ ሰዓቷ አብዛኛውን የምታሳልፈው በእንቅልፍ ነበር። ይሁንና በዚህ የወቀሳት አለቃ አልነበረም። ምክንያቱም ተኝታም ቢሆን ገበያ ታመጣ ነበር።

ለእኛ አገር ነጋዴ የጃፓን መጓጓዣ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ቶዮታ ነው። ሚኒባስ ታክሲው፣ የቤት አውቶሞቢሉ፣ የጭነት ፒክአፑ በአብዛኛው ከዚያው የመጣ ነው። ጃፓኖቹ ራሳቸው ጠዋትና ማታ በሚሳፈሩበት ባቡርና በሚነዱበት መንገድ ላይ ግን ለሌላው ዓለም እንግዳ የሆኑ በርካታ ነገሮች ይታያሉ። ድመት ሹም፣ ብስኩት ሸጦ ባቡር የሚያስጠግን ኩባንያ፣ በፎቅ ቤት ወገብ የሚያልፍ አውራ ጎዳና፣ 20 ሰከንድ ቀድሞ ለተነሳ ባቡር የሚቀርብ ይቅርታ። ቱሪስት ፎቶግራፍ አንስቶ ያልፋቸዋል። ነገሮቹን አንድ በአንድ ለመረመረ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ትዕይንት ጀርባ ሊከፈል የሚገባው አንድ ሒሳብ ይገኛል።

የኪሺን ሒሳብ እንመልከት። 14.3 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 14 ጣቢያዎች ያሉት የኪሺጋዋ መስመር ቀደም ሲል የናንካይ ኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያ ነበር። መስመሩ በዓመት 500 ሚሊዮን የን ገደማ ስለሚያከስር፣ ናንካይ በ2004 ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ነዋሪዎች አቤት አሉ። የአካባቢው መስተዳድሮችም የሐዲዱን መሬት ለመግዛትና ኪሳራውን ለተወሰኑ ዓመታት ለመደጎም ተስማሙ። በሚያዝያ 2006 ከኦካያማ የመጣ የትራንስፖርት ኩባንያ መስመሩን ተረከበ። ተረካቢው ወጪ ለመቀነስ ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ የኪሺን ጣቢያ ያለ ሠራተኛ ማስቀረት ነበር። በዚሁ ጊዜ የድመቷ ባለቤት፣ የታማ መጠለያ ሊፈርስ መሆኑን ጠቅሰው በጣቢያው ውስጥ እንድትኖር ለኩባንያው ፕሬዚዳንት አመለከቱ። ፕሬዚዳንቱ ማኖሪያውን ከነሹመቱ ሰጧት።

ውጤቱ ብዙ አልዘገየም። በመጀመሪያዎቹ ወራት የመንገደኛው ቁጥር ከቀድሞው በ10 በመቶ ገደማ ጨመረ። በ2008 አንድ የካንሳይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ባወጡት ስሌት፣ ድመቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ለአካባቢው ኢኮኖሚ ያስገኘችው ጥቅም 1.1 ቢሊዮን የን ገደማ ነበር። ኩባንያው የእንጆሪ ባቡር፣ የመጫወቻ ባቡር፣ በኋላም የድመቷ ሥዕል የተሣለበት የታማ ባቡር አሰማራ። የጣቢያው ሕንጻም በ2010 የድመት ፊት በሚመስል ጣሪያ እንደገና ተሠራ። ታማ የኩባንያው የሥራ አመራር ማዕረግ እስከማግኘት ደርሳ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ድመቷ መስመሩን ከመዘጋት አተረፈችው እንጂ ባለትርፍ አላደረገችውም። ድጎማው አሁንም ያስፈልጋል። የድመቷ ጥቅም ለመስተዳድሮቹ ድጎማውን ለመቀጠል የሚያስችል ምክንያት መስጠቷ ነው። ለመንደር ሐዲድ ገንዘብ ማውጣት ብዙ ክርክር ያስነሳል፤ ሱቁና ምግብ ቤቱ በጎብኚ ሲሞላ የታየበትን ሐዲድ ግን መዝጋት ይከብዳል።

የ37 ትሪሊዮን የን ዕዳ

የገጠሩ ባቡር ለምን እንዲህ ያለ ብልሃት እንዳስፈለገው ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይላል። ሺንካንሰን የተባለው የጃፓን ፈጣን ባቡር በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሥራ የጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 1964 ነው። የዓለም ባንክ ለግንባታው 80 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ ነበር። ወጪው በመጀመሪያ ከተገመተው ወደ እጥፍ በመድረሱ የጃፓን ብሔራዊ ምድር ባቡር ፕሬዚዳንት የነበሩት ሺንጂ ሶጎ በ1963 ከሥልጣን ወረዱ፤ ሥራውን የመሩት መሐንዲስ ሂዴዎ ሺማም ተከተሏቸው። ባቡሩ ሲመረቅ ሁለቱም በቦታው አልነበሩም።

ዓለም የሺንካንሰንን ፍጥነት ባደነቀበት በዚያው በ1964 ብሔራዊው ምድር ባቡር ኪሳራ አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ዕዳው እየተከመረ ሄዶ በ1987 ድርጅቱ ሲፈርስ 37 ትሪሊዮን የን ገደማ ደርሶ ነበር። ድርጅቱ በየክልሉ ለሚሠሩ ስድስት የመንገደኛ ኩባንያዎችና ለአንድ የጭነት ኩባንያ ተከፋፈለ። በዚያው ዘመን መንገደኛ የጎደላቸው 83 የገጠር መስመሮች ከመዝገቡ እንዲወጡ ተወሰነ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐዲዳቸው ቀርቶ በአውቶቡስ ተተኩ። የተረፉት በአብዛኛው የአካባቢ መስተዳድርና የግል ባለሀብት በጋራ ለሚያቋቁሟቸው ትናንሽ ኩባንያዎች ተላለፉ።

እነዚህ ትናንሽ ኩባንያዎች የወረሱት ሐዲድ እንጂ መንገደኛ አልነበረም። ወጣቱ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ገበሬው ያረጃል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። ስለዚህ ትኬት ብቻ ሸጦ መኖር እንደማይቻል ሲረዱ ሌላ የሚሸጥ ነገር መፈለግ ጀመሩ። በያማጉቺ ግዛት የሚሠራው የኒሺኪጋዋ ባቡር በ2019 አንድ አዲስ ጣቢያ ከፈተ። ጣቢያው መግቢያም መውጫም የለውም። ከወንዙ ዳር ባለው ገደል ላይ የተሠራ መቆሚያ ብቻ ነው። ልዩ ባቡር ሲመጣ መንገደኛው ይወርዳል፤ ወንዙን አይቶ ፎቶግራፍ ያነሳል፤ ተመልሶ ይሳፈራል። ኩባንያው የሚሸጠው ማየትን ነው።

ብስኩት የሚጠግነው ባቡር

ከቶኪዮ በስተምሥራቅ በቺባ ግዛት የሚገኘው የቾሺ ኤሌክትሪክ ባቡር ጠቅላላ ርዝመቱ 6.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይህ ኩባንያ ከ1995 ጀምሮ ኑሬ ሰንቤ የሚባል፣ በሶይ መረቅ ርሶ የለሰለሰ የሩዝ ብስኩት ይሸጣል። በ2006 በቀድሞ አመራር ዘመን በደረሰ የገንዘብ ጉድለት ምክንያት ድጎማ ተቋርጦበት፣ ባቡሮቹን ለማስመርመርና ለማስጠገን የሚከፍለው አጣ። በኅዳር ወር የኩባንያው ሠራተኞች ለሕዝብ ጥሪ አቀረቡ። ጥሪው ግልጽ ነበር፦ ባቡር የምናስጠግንበት ገንዘብ ስለሚያስፈልገን እባካችሁ ብስኩታችንን ግዙ የሚል።

ትእዛዙ ከመላ አገሪቱ ጎረፈ፤ ባቡሮቹም ተጠገኑ። ዛሬ ከብስኩትና ከመሰል ምርቶች የሚገኘው ገቢ ከባቡሩ ገቢ ይበልጣል። በጃፓን የንግድ መዝገብ ባቡር ኩባንያ ቢባልም፣ ቀልደኞች ብስኩት ፋብሪካ ነው ይሉታል። ኩባንያውም ቀልዱን አልጠላውም፤ በ2018 ስሙ «መጥፎ ዱላ» እንደማለት የሆነ የበቆሎ መክሰስ ለገበያ አቀረበ። መጥፎ የተባለው ጣዕሙ ሳይሆን የድርጅቱ የሒሳብ ሁኔታ መሆኑን ለደንበኞቹ አልሸሸገም።

የጣቢያ ስምም ሳይቀር ለገበያ ወጥቷል። ስም የማውጣት መብት ለኩባንያዎች በክፍያ ይሰጣል። ከገዢዎቹ አንዱ የፀጉር እንክብካቤ ምርት የሚሸጥ ድርጅት ነበር። የጣቢያውን የቀድሞ ስም ጥቂት ፊደል ለወጥ አድርጎ «ጥቁር ፀጉር ይበቅላል» ወደሚል ትርጉም አመጣው።

ጋዜጣ እንደ መለኪያ

እስካሁን የተነገረው መንገደኛ ስለጠፋበት ጃፓን ነው። መንገደኛ የሞላበት ቶኪዮ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሺንጁኩ የተባለው ጣቢያ በቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚያስተናግድ ሲሆን፣ በዓለም የመንገደኛ ብዛት ክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚህ ጣቢያ በ1955 ሥራቸው ሰውን እየገፉ ወደ ፉርጎ ማስገባት የሆነ ሠራተኞች ተቀጠሩ። ብዙዎቹ ለትርፍ ሰዓት ሥራ የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ በቃል የሚሠራውን እነርሱ ነጭ ጓንት አጥልቀው በእጃቸው ሠሩት።

መንግሥት መጨናነቁን የሚገልጽበት መለኪያም ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። 100 በመቶ ማለት መንገደኛው ሁሉ ወንበር ወይም የሚይዘው ማንጠልጠያ አግኝቷል ማለት ነው። 150 በመቶ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ማንበብ ይቻላል። 180 በመቶ ሲደርስ ጋዜጣውን ማጠፍ ግድ ይላል። 200 በመቶ ላይ ሰው ከሰው ይጫናል፤ ሳምንታዊ መጽሔት ግን እንደምንም ይነበባል። 250 በመቶ ላይ እጅን እንኳ ማንቀሳቀስ አይቻልም። በዚህ መለኪያ የቶኪዮ ዋና ዋና መስመሮች አማካይ መጨናነቅ በ1975 221 በመቶ ነበር። በ2019 ወደ 163 በመቶ ወረደ። በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ወደ 107 በመቶ አሽቆልቁሎ፣ በ2023 ወደ 136 በመቶ ተመለሰ።

በተጨናነቀ ከተማ አዲስ ሐዲድ የሚዘረጋበት መሬት የለም፤ ቢኖርም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ያላቸው ብቸኛ አማራጭ ባለው ሐዲድ ላይ ባቡሮቹን ማቀራረብ ነው። በየሁለት ደቂቃው ባቡር በሚመጣበት መስመር ላይ አንድ በር ለግማሽ ደቂቃ ሳይዘጋ ቢቆይ፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይዘገያሉ። ገፊዎቹ የተቀጠሩት በሩ በሰዓቱ እንዲዘጋ ነው። የባቡር መነሻ ዜማው፣ ለቢሮ የሚቀርበው «ባቡሩ ዘግይቷል» የሚል የምስክር ወረቀት፣ ነጂው ምልክት ባየ ቁጥር በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ መናገሩ ሁሉ የዚሁ ሒሳብ ክፍሎች ናቸው። መጠቆሙን የባዕድ አገር ሰው ይስቅበታል። ሆኖም የጃፓን የባቡር ቴክኒክ ምርምር ተቋም በ1994 ባደረገው ሙከራ፣ በጣት እየጠቆሙና እየተናገሩ መሥራት ስህተትን በ85 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል።

በቶኪዮ ጣቢያም ሺንካንሰን ለመልስ ጉዞ የሚቆመው ለ12 ደቂቃ ነው። መንገደኛው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ሲቀነስ ለጽዳት የሚተርፈው 7 ደቂቃ ብቻ ነው። ጽዳት ሠራተኞቹ በዚያች ጊዜ ወንበሩን አዙረው፣ ወለሉን ጠርገው፣ ጠረጴዛውን ወልውለው ይጨርሱና ተሰልፈው እጅ ነስተው ይሄዳሉ። በኅዳር 2017 ደግሞ የሱኩባ ኤክስፕረስ ኩባንያ አንድ ባቡሩ 20 ሰከንድ ቀድሞ በመነሳቱ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። አቤቱታ ያቀረበ መንገደኛ አልነበረም።

ትኬቱ ማጥመጃ ሲሆን

የግል ባቡር ኩባንያዎች በትኬት ብቻ እንደማይከበር የተረዱት ገና ከጅምሩ ነው። ዛሬ ሃንኪዩ የሚባለው ኩባንያ በ1910 ከኦሳካ ወደ ገጠር የሚወስድ ሐዲድ ሲከፍት፣ መንገደኛ ከየት ይምጣ የሚል ጥያቄ ገጠመው። ሥራ አስኪያጁ ኢቺዞ ኮባያሺ በሐዲዱ ዳር ርካሽ መሬት ገዝተው ቤት ሠሩና በየወሩ በሚከፈል ዱቤ ሸጡ። ቤት ገዢው በየቀኑ ባቡር ተሳፋሪ ሆነ። በሌላኛው ጫፍ፣ በታካራዙካ፣ የመዋኛ ገንዳ ሠሩ። ገንዳው አልሳካ ቢላቸው ላዩን በወለል ሸፍነው በ1914 የልጃገረዶች የሙዚቃ ትርዒት አሳዩበት። ቡድኑ ዛሬም በመላ ጃፓን ዝነኛ ነው። በ1929 ደግሞ በከተማው መነሻ ጣቢያ ላይ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ከፈቱ። ባቡሩ ጠዋት ሠራተኛውን፣ ቀን ሸማቹን፣ በዕረፍት ቀን ተመልካቹን ያመላልስ ጀመር። ከመሬት ዋጋ ማደግ የሚገኘው ትርፍም የሐዲዱ ባለቤት ኪስ ገባ።

በቶኪዮ የሚገኘው ኤቢሱ ጣቢያም ለነጋዴ የሚጥም ታሪክ አለው። በ1901 የተከፈተው በአካባቢው የሚጠመቀውን ኤቢሱ የተባለ ቢራ ለመጫን ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ለመንገደኛ ተከፈተ፤ ኋላም ሰፈሩ ራሱ በቢራው ስም ተጠራ። ዛሬ በጣቢያው የሚሰማው የመነሻ ዜማ የዚያው ቢራ የማስታወቂያ ዜማ ነው።

አምስተኛ ፎቅ፦ አውራ ጎዳና

የመሬት ነገር ከተነሳ ኦሳካ ከተማ ውስጥ ያለው ጌት ታወር የተባለ ሕንጻ መታለፍ የለበትም። ባለ 16 ፎቅ ነው። የመሬቱ ባለይዞታዎች ከሜይጂ ዘመን ጀምሮ በቦታው የነበሩ የእንጨትና የከሰል ነጋዴዎች ናቸው። በ1983 አዲስ ሕንጻ ለመሥራት ፈቃድ ሲጠይቁ፣ በቦታው ላይ የፈጣን መንገድ መውረጃ ሊሠራ ታቅዷል ተብለው ተከለከሉ። ባለይዞታዎቹ ግን መሬታቸውን አንለቅም አሉ። ድርድሩ አምስት ዓመት ያህል ፈጀ። በ1989 መንገድና ሕንጻ በአንድ ቦታ ላይ እንዲጣመሩ የሚፈቅድ የሕግ ማሻሻያ ወጣ። በ1992 ሕንጻው ሲጠናቀቅ መንገዱ በ5ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው ፎቅ መካከል ሰንጥቆ አለፈ። መንገዱ በራሱ ምሰሶዎች ስለሚደገፍ ሕንጻውን አይነካም። አሳንሰሩ ከ4ኛው ፎቅ በቀጥታ ወደ 8ኛው ይዘላል። የመንገድ ድርጅቱም የሦስቱ ፎቆች ተከራይ ሆኖ ይከፍላል። ባለይዞታ ሳይፈናቀል፣ መንገድም ሳይቀር የተዘጋ ውል ነው።

የመሬት ውድነት መኪናንም ቀርጾታል። ከ1962 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት መኪና ለማስመዝገብ የሚፈልግ ሰው የማቆሚያ ቦታ እንዳለው ማስረጃ ማቅረብ አለበት። የከተማ ባለንብረቶችም ጠባብ ቦታ ላይ መኪና በአሳንሰር እየተነሳ የሚደረደርባቸው ማማዎች ሠሩ። ቢጫ ሰሌዳ የሚለጠፍባቸው ኬይ የሚባሉት ትናንሽ መኪኖች ደግሞ ሞተራቸው ከ660 ሲሲ፣ ወርዳቸው ከ1.48 ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ግብራቸው ይቀንሳል፤ በብዙ የገጠር አካባቢዎችም የማቆሚያ ማስረጃ አይጠየቁም። የሳጥን ቅርጽ የሚይዙት በተወሰነላቸው ልክ ውስጥ የመጨረሻዋን ሴንቲ ሜትር ለመጠቀም ሲሉ ነው።

የሰከንድ ዋጋ

ይህ ሁሉ ሲደመር ለአድናቆት ይጋብዛል። ግን አንድ ቀን ሒሳቡ ከልክ አለፈ። ሚያዝያ 25 ቀን 2005 አማጋሳኪ ከተማ አቅራቢያ፣ አንድ የ23 ዓመት ነጂ በቀደመው ጣቢያ የመቆሚያውን ቦታ አልፎ በመቆሙ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበር። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር በተወሰነበት ኩርባ ላይ በ116 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገባ። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ የመኖሪያ ሕንጻ መታ። ነጂውን ጨምሮ 107 ሰዎች ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። በ2007 የወጣው የመርማሪዎች ሪፖርት እንዳመለከተው፣ ለሚያጠፉ ነጂዎች ይሰጥ የነበረው ቅጣት መሰል «ሥልጠና» በነጂው አእምሮ ላይ ጫና አሳድሯል። ከሌላ ኩባንያ ጋር ለመንገደኛ የሚደረገው ፉክክር መርሐ ግብሩን አጥብቆት ነበር፤ የመጠባበቂያ ጊዜ አልተተወለትም። በመዝገብ ላይ የተቆጠበው ሰከንድ በሌላ ገጽ ላይ ተከፈለ።

በሌላው ጫፍም ብልሃት የማይደርስበት ቦታ አለ። ሰሜናዊውን ደሴት የሚያገለግለው የሆካይዶ ባቡር ኩባንያ በኅዳር 2016 ከመስመሮቹ ግማሽ ያህሉን፣ ማለትም 1,237 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በራሱ አቅም ማቆየት እንደማይችል አስታውቋል። ለዚያ ሁሉ ርቀት የሚበቃ ድመትም ብስኩትም አይገኝም። ሙከራው ግን አልቆመም። በሺኮኩ ደሴት የሚገኘው የአሳ ጠረፍ ባቡር ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ በመንገድ ላይ በጎማ፣ በሐዲድ ላይ በብረት መሽከርከሪያ የሚሄድ አነስተኛ አውቶቡስ አሰማርቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመለወጥ የሚፈጅበት 15 ሰከንድ ገደማ ነው። ለሁለት ተሽከርካሪ የሚበቃ መንገደኛ በሌለበት አገር አንዱ የሁለቱን ሥራ ይሠራል።

ታማ በሰኔ ወር 2015 በ16 ዓመቷ ሞተች። በቀብር ሥነ ሥርዓቷ ላይ 3 ሺህ ያህል ሰው ተገኘ። ሹመቱን ሌሎች ድመቶች ወረሱ፤ ቆቡም ለእነርሱ ተላለፈ። ኪሺ የመስመሩ መጨረሻ በመሆኗ ከጣቢያዋ ወደ ፊት የሚወስድ ሐዲድ የለም። ሹሟን ለማየት የሚመጣ ጎብኚ ሁሉ የመልስ ትኬትም ይቆርጣል።